ይድረስ ለጤና ሚኒስትሩ፦ ስቴሮይድ የሚወጋው ሯጭ ብቻ አይደለም

ክቡር ሚኒስትር፣ እንደምን ሰነበቱ። ጂም ውስጥ ሰው የማሰለጥን ነኝ፣ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ነገሬም ጡንቻ ለማፈርጠም ስለሚወሰደው ሆርሞን መሰል መድሃኒት፣ ስለ ስቴሮይድ ነው።

በ1988 እ.ኤ.አ. ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ ካናዳዊው ሯጭ ቤን ጆንሰን ስታኖዞሎል በሚባል ስቴሮይድ ተይዞ ወርቁን ከተነጠቀ ወዲህ ስቴሮይድ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሜዳሊያ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ግን ውድድር የሚባል ነገር ገብቶም አያውቅ፣ ከስራ ወጥቶ ብረት የሚያነሳ ተራ ሰው ነው፣ እሱን ደሞ የትኛውም ዶፒንግ ተቆጣጣሪ አይመረምረውም፣ ስለዚህ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

እናንተ "ይገድላል" ትላላችሁ፣ ልጁ ደሞ የሚወጋው ጓደኛው በየቀኑ እየፈረጠመ ሲመጣ ያያል፣ ከዛ ወዲያ ምን ብትሉት አይሰማም። አይሰራም ማለትማ ጭራሽ አያዋጣም! በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ለ10 ሳምንት የተወጉ ወንዶች ስፖርት ሳይሰሩ እንኳን ጡንቻ ጨምረዋል። ጣጣው ያለው መስታወት የማያሳየው ጋ ነው፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ደም ይወፍራል፣ የልብ ግድግዳ ይደድራል፣ የሚዋጠው ዓይነት ጉበት ይጎዳል፣ ሴት ከወሰደች ድምጿ ጎርንኖ ሊቀር ይችላል። ከውጭ ሆርሞን ሲገባ ደሞ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፣ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ መድሃኒቱ ሲቆም እስኪያገግም ወራት ይፈጃል፣ በዛ መሃል ድብርቱ፣ ስንፈተ ወሲቡ፣ የጡንቻው መሟሸሽ አንድ ላይ ይመጣበታል፣ ብዙው ተመልሶ የሚወጋው እንግዲህ ያኔ ነው።

ሐኪም ጋ ለምን አይሄድም ካሉኝ፣ የሚሄደውም አይናገርም። ተናግሮ የሚያገኘው ቁጣና "አቁም" ነው፣ እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳው የለም፣ ስለዚህ ምክሩን ከሻጩ ይቀበላል፣ ሻጩ ደሞ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ስም የማይመዘገብበት ምርመራ ይኑር፣ ደም ግፊት፣ የደም ውፍረት፣ ኮሌስትሮል፣ ጉበት፣ ሆርሞን ይታይ። መርፌ በጋራ እንዳይጠቀሙ ንጹህ መርፌ ይቅረብ፣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ጡንቻ አይቶ አይምርም። ለሐኪሞችም አንድ አጭር መመሪያ ይጻፍላቸው፣ ማቆም የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ሳይቆጡ ከየት እንደሚጀምሩ የሚል። ይህ ሁሉ መቼ ሊደርስ እንደሚችል ቢያሳውቁን ማስታወቂያውን ጂም ግድግዳ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አሰልጣኝ