የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ አንዲት ጀበና ለማውጣት ቀጨኔ ድረስ

መቼም የክበባት ዘገባ ገፅ ላይ ስትደርሱ ፎቶውን አይታችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ፣ እኔም የሚኒ ሚዲያውን ዘገባ እንደዛ ነው የማነበው (ይቅርታ አድርጉልኝ)። የዘንድሮውን የኛን ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ በተለይ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ውስጥ ያላችሁ ወላጆች። ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ "እነዛ ልጆች ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ተሰብስበው ኮምፒውተሩን ስዕል እያሳሉ ይጫወታሉ" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ሳይቀር።

እንደምታውቁት ክበባችን እስከ አምና ስራው ታይፒንግና ፓወርፖይንት ነበር። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ልጆቹ ራሳቸው መጥተው "ቲቸር፣ ሲፅፉለት ስዕል የሚሰራውን ኤአይ እንማር" አሉኝ፣ እኔም ከነሱ ብዙም የተሻለ የማውቀው ነገር ስላልነበረ አብረን እንማራለን ብዬ ገባሁበት። 23 ልጆች ተመዘገቡ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የዘለቁት 16 ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ እንገናኛለን። ሊቀመንበር ተመርጧል፣ እቅድ ፀድቋል፣ 31 ጊዜ ተሰብስበናል፣ ከዛ ውስጥ 6ቱ መብራት ጠፍቶ ተበትኗል፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይይ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ በማየት ነው ያሳለፍነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ፈልጎ እየቆረጠ የሚለጥፍ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። ሲሰለጥን ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጡትና ፎቶው ላይ ነጠብጣብ እየነሰነሱበት እየነሰነሱበት ምንም እስከማይታይ ድረስ ያጠፉታል፣ የድሮ ቲቪ አንቴናው ሲነቀል ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰውን አስቡት፣ ከዛ ያንን ነጠብጣብ መልሶ ማፅዳት ያስተምሩታል። እኛ ስንፅፍለት ከባዶ ነጠብጣብ ተነስቶ በፃፍነው ቃል እየተመራ ደረጃ በደረጃ ያፀዳል። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ "ደመና ላይ በግ አለ ሲሉህ በጉ እየታየህ እንደሚመጣው ነዋ" አለ፣ እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው።

ቃልና ምስልን ማገናኘት የሚማረው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከፎቶ ጋር ተያይዞ ከተፃፈ ፅሁፍ ነው። ላዮን-5ቢ የሚባለው ስብስብ 5.85 ቢሊዮን የምስልና የፅሁፍ ጥንድ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 በነፃ የተለቀቀው ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለው ስዕል ሰሪ ፕሮግራም የተማረው ከዚሁ ስብስብ ውስጥ በተመረጠው ነው፣ የተመረጠው ደግሞ አብዛኛው ፅሁፉ እንግሊዝኛ ነው። እዛ ውስጥ ስለኛ ቤት ምን ያህል ተፅፎ እንደሚገኝ መገመት አያቅትም። የሚገርመው ደግሞ የፕሮግራሙ ፅሁፍ የሚያነበው ክፍል በአንድ ጊዜ ከ77 ቁራጭ በላይ አይቀበልም፣ የኛ አንዱ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ነው፣ ስለዚህ በከፋ ጊዜ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ቁራጭ ቆጥሮ 25ኛው ፊደል አካባቢ ላይ ይቆርጠናል። ይሄን ቁጭ ብላ ያሰላችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ማንም አላዘዛትም። "ጀበና" ብለን በግዕዝ ፊደል ስንፅፍለት አንዴ ቤተመቅደስ የመሰለ ነገር አንዴ ደግሞ የሴት ፊት አወጣልን፣ ሳቅን፣ ቀጠልን።

ጥር ላይ ለወላጆች ቀን የሚሆን የቡና ስነስርዓት ስዕል እናውጣ ተባለ። ቀላል መስሎን ነበር። በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ቡና ስነስርዓት ብለን ፃፍን፣ የወጣው ጀበና አረቦች የሚቀዱበት አፉ እንደ ወፍ የሾለ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ነው፣ ሲኒው ጆሮ አብቅሏል፣ ቄጠማው የሳሎን ምንጣፍ ሆኗል። "ኢትዮጵያ" የሚለውን ቃል ባጠበቅን ቁጥር ደግሞ በረሃና የሳር ጎጆ ይጨምርበታል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና የሚፈላ አይመስለውም መሰለኝ። "ስለዚህ ስሙን ተዉትና መልኩን ግለፁለት፣ የጀበና ክፍሎች ስማቸው ማን ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

ክፍሉ ፀጥ አለ። 16 ልጅ፣ ሁሉም ቤት ጀበና አለ፣ "ያቺ የምትቀዳበት"፣ "ያቺ የምንይዛት" ከማለት አላለፉም። ሀቁን ልናገርና እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። ያኔ ከኋላ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀስ ብላ "ሆድ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ጡት፣ ክዳን፣ የምትቀመጥበት ማቶት" አለች። ደግሞም "የሰሜኖቹ ጡት የላትም፣ በአንገቷ ነው የሚቀዳው" ብላ ጨመረች። የት ተማርሽው ስላት "ቤት" ብላ ዝም አለች።

ደወል ከተደወለ በኋላ ቀረችና እናቷ ቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሰሪ እንደሆኑ ነገረችኝ፣ ለማንም እንዳልናገርም ለመነችኝ። አንደኛ ደረጃ እያለች ምን ምን እንደተባለች እዚህ አልፅፈውም፣ ሸክላ ሰሪን ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቀዋለን። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን አትስደቡ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ግን ዛሬም የእናቷን ስራ ደብቃ ትማራለች። (ይሄን ታሪክ እንድፅፈው ፈቅዳልኛለች፣ ረቂቁንም አንብባዋለች፣ "ቲቸር ፃፉት" ነው ያለችኝ። ስሟን ግን አልፅፍም።)

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን ራሷ ክበቡ ፊት እጇን አውጥታ "ለምን ሄደን አናይም? እናቴ ትሰራለች" አለች። በቃ እንዲሁ። የወላጅ ፈቃድ ፎርም በተንን፣ ሦስት ወላጆች አልፈረሙም፣ አንዱ ደውሎ "ሌላ የሚጎበኝ ቦታ አጥታችሁ ነው?" አለኝ፣ መልሴን ለራሴ ላስቀረው።

የካቲት መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት 13 ልጆች ይዤ በእግራችን ወጣን። ትራንስፖርት ስላልተፈቀደልን ነው በእግራችን የሆነው፣ ለጤና ብለን አይደለም። ቀጨኔን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ግቢው ገና ሳትገቡ የጭሱ ሽታ ይቀበላችኋል። እናትየው ጭቃውን ከፊታቸው አድርገው ቁጭ ብለው እየሰሩ ነበር፣ የሚሽከረከር ማሽን የለም፣ የሚሽከረከሩት ሁለቱ እጆቻቸው ናቸው። የጀበናዋን ሆድ ያወጣሉ፣ ትንሽ እንድትጠና ያቆዩዋታል፣ አንገቷን ይቀጥላሉ፣ ስትደርቅ በለስላሳ ድንጋይ እያሹ ያለሰልሷታል፣ ከተተኮሰች በኋላ ደግሞ በትኩሱ ጭስ ውስጥ ታፍና ነው ያ ጥቁረት የሚመጣው። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ጀበና የሚጠቁረው ምድጃ ላይ ቆይቶ ይመስለኝ ነበር፣ 41 ዓመቴ ነው።

ክበባችን ውስጥ ብዙ የሚያወራው ልጅ (ታውቁታላችሁ) እኔ ልሞክር ብሎ አንገቷን ሊያቆም ሲል ጭቃው እጁ ላይ ተዘረጋ። እናትየው ሳቁና "አትቸኩል ልጄ፣ ሆዷ ሳይጠና አንገት አይቆምም" አሉት። ከዛ ከተማሪዎቹ አንዷ ዞር ብላ ልጅቷን "አንቺስ መስራት ትችያለሽ?" አለቻት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም፣ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች፣ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለችና ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሆናል፣ አንድም ልጅ ስልኩን አልነካም፣ እኔ ክፍል ውስጥ እንደዛ ዝም ብለውልኝ አያውቁም። እየሰራች እየተናገረች፣ ይሄ እንዲህ ይባላል፣ ይሄን እንዲህ ካላደረግሽው ይሰነጠቃል፣ ድምጿ ጮክ ብሎ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና። ያ አንገቷን የደረመሰው ልጅ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የምትለውን ቃል ሁሉ ይፅፋል፣ "ቆይ ቆይ ደግመሽ በይው" እያለ። እናትየው እጃቸውን አጣምረው ልጃቸውን ነው የሚያዩት። እኔ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ ዛፍ ስቆጥር ነበር።

ከዛ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ከደብተሩ ላይ 14 መስመር ገለፃ ወጣ፣ ወደ እንግሊዝኛ መለስነው። አንዱ "ጡት" የሚለውን ቀጥታ ተርጉሞ ሲፅፍ ፕሮግራሙ ነውር የተጠየቀ መስሎት አልሰራም ብሎ ዘጋብን፣ ስለ ሸክላ ነው የምናወራው ብሎ ማስረዳት አይቻልም፣ "የሚቀዳበት ቱቦ" ብለን አለፍነው። የወጣው ጀበና ከበፊቱ በብዙ ይሻላል፣ ግን ጆሮዋና የምትቀዳበት በአንድ በኩል ሆኑ፣ ሲቀዳ እጅ ይቃጠላል ማለት ነው። ቀጥለን ቀጨኔ ያነሳናቸውን 26 ፎቶዎች ሰጥተን ሎራ በሚባለው ዘዴ ማሽኑን በትንሹ ልናሰለጥነው ሞከርን። ላብ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ ያለው አንድም ኮምፒውተር ስለሌለ የአንዱ ተማሪ ታላቅ ወንድም የጌም ኮምፒውተሩን አዋሰን፣ ሁለቴ መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ በሦስተኛው ተሳካ። ጀበና የሚመስል ጀበና!

ልክ ያኔ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ቻትጂፒቲ አዲሱን ስዕል መስሪያ ለቀቀ። በኔ አካውንት በፕሮጀክተር ሞከርነው፣ በአንድ አረፍተ ነገር ብቻ የሚያምር ጀበና አወጣ። ልጆቹ ቅስማቸው ተሰበረ፣ "ቲቸር ልፋታችን ሁሉ ውሃ በላው" አሉ፣ እውነት ለመናገር እኔም የምላቸው አጥቼ ነበር። ልጅቷ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ትንሽ አየችውና "ይቺ ቡና አትይዝም" አለች። ለምን? "ጡቷ ከሆዷ በታች ነው የወጣችው፣ ገና ሲሞላባት ይፈሳል።" ሁላችንም አየን፣ እውነቷን ነው። ከእሷ በፊት ግን ያንን ያየ የለም፣ ፊዚክስ አስተማሪያችንም አጠገቤ ቆመው ነበር። ስዕሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ የፃፈውም ፊደል የኛን የሚመስል የማንም ያልሆነ ፊደል ነው።

ጥፋታችንን አልደብቅም። ሚያዝያ ላይ አንድ አባላችን የትምህርት ቤቱ አጥር በዝናብ የፈረሰ የሚመስል ምስል ሰርቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ወላጆች ደነገጡ፣ ስልክ ተደወለ፣ ክበቡ ሁለት ሳምንት ታገደ። ልጁ ሰልፍ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። ከዛ ወዲህ ምንም ምስል በኤአይ መሰራቱ ሳይፃፍበት ከላብ አይወጣም። የስነ ጥበብ መምህራችንም "ልጆቹን እጃቸውን ልታስረሷቸው ነው" ብለውኛል፣ ስጋታቸው ትክክል ነው፣ ለዛም ነው ከሚያዝያ ጀምሮ መጀመሪያ በእርሳስ ሳይስል ኪቦርድ የሚነካ ልጅ እንዳይኖር ያደረግነው፣ ራሳቸውም መጥተው ሁለቴ አግዘውናል።

ለወላጆች ቀን 12 ስዕል አሳየን፣ ቀለም ስላለቀ 7ቱ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አንዳንድ ወላጅ አስበንበት ያደረግነው መስሎት አድንቋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ላብ ውስጥ ካሉት 40 ኮምፒውተሮች የሚሰሩት 17 ናቸው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ጥቅል የምገዛው ከኪሴ ነው፣ ደረሰኝ አላቀረብኩም። የምንጠይቀው አንድ ኮምፒውተር ነው፣ 12 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ከነዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ)፣ ሌላ ምንም። ለስፖርት ክበብ ማልያ ሲገዛ ማንም "ጨዋታ ነው" ብሎ አልተከራከረም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አዲስ መግዛት ካልተቻለ ያገለገለም ይሁን፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ካርዱን ብቻ ብታስልኩልን መግጠሙን እኛ እንችላለን። ንብረት ክፍል ስቶር ውስጥ ሦስት ዓመት ካርቶኑ ያልተከፈተ ዩፒኤስ እንዳለም አውቃለሁ፣ በመስኮት ይታያል።

ለቀጣዩ ዓመት ልጆቹ የመረጡት መሶብ ነው፣ የስፌቱን ስሞች የምታውቁ እናቶችና አያቶች ካላችሁ ከወዲሁ ንገሩን። ያቺ ልጅቷ ቀጨኔ የጀመረቻት ጀበና ደግሞ ተተኩሳ መጥታለች፣ አንገቷ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ላብ ውስጥ በር አጠገብ ከሞተው ሰርቨር ላይ ማቶቷ ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ብትመጡ ክፍት ነው፣ ቡናውን ግን እናንተ ይዛችሁ ኑ።