ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን ያላትን እናት «አታጥቢ» ማለት ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ወር በፊት፣ ከወለደች 7 ቀን የሆናት አራስ ልጇን ታቅፋ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ሕፃኑ የዱቄት ወተት በጡጦ እየጠጣ ነው፤ የእናቲቱ ጡት ግን ተወጥሮ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል። ለምን እንደማታጠባ ስጠይቃት «ወተት የለኝም» አለች። መልሷ ከቀሚሷ ጋር እንደማይስማማ ሁለታችንም እያየን ነበርና፣ አብረዋት የመጡት አማቷ ወጣ እስኪሉ ጠብቃ፣ ከ4 ዓመት በፊት ዱባይ ስትሠራ ጡቷን ለማተለቅ በቀዶ ጥገና ሲሊኮን የተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ውስጡ ማስገባቷን ነገረችኝ። በወለደችበት ተቋም ይህን የሰማ ባለሙያ «ልጅሽን ፕላስቲክ ልታጠቢው ነው?» ብሏት ኖሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ምክር ስሕተት በመሆኑና ለእርሷ ብቻ የተነገረ ስለማይመስለኝ ነው።

ሲሊኮኑ የሚቀመጠው ከወተት ዕጢው በስተኋላ ወይም ይበልጥ ጠልቆ ከደረት ጡንቻው ሥር ነው እንጂ ወተቱ በሚፈስበት ቧንቧ ውስጥ አይደለም። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ሲሊኮን ያላቸውን 15 እናቶች ወተት ከሌላቸው 34 እናቶች ወተት ጋር አነጻጽረው፣ ሲሊኮን የሚሠራበትን ሲሊከን የተባለ ንጥረ ነገር በሁለቱም ውስጥ በተቀራራቢ መጠን አግኝተውታል። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን አልሸሽግም፤ ነገር ግን እዚያው የተመረመረው የላም ወተት ከአሥር እጥፍ በላይ፣ የሕፃናት ዱቄት ወተት ደግሞ 80 እጥፍ ያህል ንጥረ ነገሩ ነበረበት። ሲሊኮን ፈርተን ሕፃኑን ወደ ዱቄት ወተት መላካችን የሚያስገርመኝ ለዚህ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሊኮንን ጡት ከማጥባት የሚከለክል ምክንያት አድርጎ ለመቁጠር በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል።

እውነተኛው ጥያቄ የወተቱ ጥራት ሳይሆን መጠኑ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ከጡት ጫፍ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ወተት እንዲመረትና እንዲወርድ መልእክት ያደርሳል፤ ስለዚህ ምላጩ ያረፈበት ቦታ ብዙ ነገር ይወስናል። ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ወይም በብብት በኩል የተቀደደች እናት ነርቩም ቧንቧዎቹም የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ ሲሆን፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የተቀደደች እናት ግን ወተት የማነስ ሥጋቷ ከፍ ይላል። ጫፉ ሲነካ የሚሰማት ከሆነ ነርቩ እንደሚሠራ ጥሩ ምልክት ነው። ከመነሻው የወተት ዕጢያቸው አነስተኛ በመሆኑ ቀዶ ጥገናውን የመረጡ ሴቶችም ስላሉ፣ በእነርሱ ላይ ወተት ካነሰ ጥፋቱ የሲሊኮኑ ላይሆን ይችላል።

በሌላ በኩል «ምንም የለም፣ አጥቢ» ብሎ መሸኘትም ያው ስሕተት ነው። እናቲቱ በወለደች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት አስይዛ፣ እንገሩን አጥብታ፣ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ካጠባች በኋላ መልሱን የሚሰጠን የሕፃኑ ሚዛን ነው። ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ ሽንቱን የሚሸናና በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት የሚመልስ ሕፃን ይበቃዋል ማለት ነው። ካልመለሰ ጡቱን ማስጣል ሳይሆን፣ በባለሙያ ምክር የጎደለውን በንጹሕ ሲኒ እየሞሉ ማጥባቱን መቀጠል ይቻላል፤ ግማሽ ወተትም የእናት ወተት ነው። ጡቷ ቀልቶ ካተኮሰና ትኩሳት ከመጣባት ደግሞ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በእርግዝና ክትትል ወቅት የደም ግፊቷንና የደም ዓይነቷን እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ ጡቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት እንደሆነና የት በኩል እንደተቀደደች እንጠይቃት። ዘመድ በሌለበት፣ ፊታችንን ሳናጨማድድ እንጠይቃት። ስንት እናት በሐሜት ፍርሃት ዝም ብላ እንደምትወልድ እኛ አዋላጆች እናውቀዋለን።

የዚያች አራስ ጠባሳ ከጡቷ ሥር ነበር። ጥቂት ወተት በእጇ ጨምቃ ጡቷ ለስለስ ሲል ልጁን አስያዝናት፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ያዘ። አማቷ ተመልሰው ሲገቡ ልጁ ሲውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። «ወተቷ ወረደላት እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ወርዶላታል» አልኳቸው፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ