በአያትሽ ሙዳይ ያሉት ሳንቲሞች

ውድ ልጄ ሰብለ፣

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ የአያቴን ሳንቲሞች ለምን አንሸጣቸውም?» ስትይኝ ቶሎ አልመለስኩልሽም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሙዳዩን አውርጄ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ እያየሁ አመሸሁ። ሽጪ፣ አልከለክልሽም። ለትምህርት ክፍያሽ ከሆነ አያትሽም ትመርቅሽ ነበር። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ እንዳታጥቢያቸው።

አንቺ ትንሽ ሆነሽ አንድ የምኒልክ ብር ነበረኝ። ፲፰፻፹፯ ይላል፣ በ1887 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ፓሪስ የተቀረጸው። ጠቁሮ ስለነበር በአመድና በሎሚ ፈትጌ አብለጨለጭኩት። ቸርችል ጎዳና ወዳለ አንድ ሱቅ ይዤው ወረድኩ። ሰውየው ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ «እትዬ፣ ምነው ፈተጉት?» አለኝ። ሚዛን ላይ አስቀምጦ እንደ ተራ የብር ማዕድን በክብደቱ ብቻ ከፈለኝ። ለካ ሰብሳቢ የሚወደው ያንን በዘመን የመጣ ጥቁረት ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ሙዳዩ ውስጥ ሌላ የምኒልክ ብር አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳርና ዳሩን ይዘሽ እዪው፣ ፊቱን አትንኪ። አንበሳው የትኛውን እግሩን እንዳነሳ ተመልከቺ። ቀኙን ያነሳ አለ፣ ግራውን ያነሳም አለ፤ ሰብሳቢዎች ይለዩታል።

ጠገራዎቹ፣ ማለትም ትልልቆቹ የማርያ ትሬዛ ብሮች ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚለው እንዳያሳስትሽ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይቀየር ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ የብዙዎቹ ዋጋ ከብርነታቸው ብዙም አይርቅም። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ከመሸጥሽ በፊት ሁለት ሦስት ወርቅ ቤት ገብተሽ የዕለቱን የብር ማዕድን ዋጋ ጠይቂ። ከዚያ በታች ለሚልሽ እሺ አትበይ። ማግኔትም ያዢ፤ እውነተኛ ብር በማግኔት አይሳብም።

የጃንሆይ ሳንቲሞች ብዙ ናቸው። 1936 የሚሉት ያንኑ ዓመት እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ስለተቀረጹ የትም ሞልተዋል። ስሙኒዎቹን፣ ሃያ አምስት ሳንቲሞቹን ግን ለይልኝ። ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው የተለመደው ነው። መጀመሪያ የወጣው ክብ ነበር፤ ከብር ማዕድን ከተሠራው ሽልንግ፣ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስላምታታ ነው የተቀየረው። ክቡ እንደ ልብ አይገኝም።

ዋጋ ስታዪ ኢንተርኔት ላይ ሰው የጠራውን አትመኚ፤ በጨረታ የተሸጠበትን ፈልጊ። ለመጀመሪያው ገዢ አትሽጪ። «ትተሽው ሂጂ፣ ላጣራልሽ» ቢልሽም ሳንቲሙን ይዘሽ ውጪ። ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም የሚያሳይሽ ቢኖር ደግሞ ዞር በይ። እሱ ቅርስ ነው፤ የሚሸጥ አይደለም። አስመስለው የሚሠሩትም አሉ።

ቀለበት የተበየደለትን ጠገራ ከሙዳዩ አውጥቼዋለሁ። በብየዳው ምክንያት ሰብሳቢ ብዙ አይሰጥበትም። አያትሽ ግን በሠርጓ ቀን አንገቷ ላይ ያደረገችው ነው። በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ ላንቺ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ነይ፤ ሌሎቹን መስኮቱ ስር በቀን ብርሃን ከፊትም ከኋላም ፎቶ እናነሳቸዋለን።

እናትሽ