ለብራቫው መርከበኛ እናቱን አግኙለት

ይድረስ ለኬፕ ቨርዴ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ፕራያ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ማሳቹሴትስ የምኖር ሰው ነኝ። ከእናንተ ደሴቶች ጋር ያገናኘኝ ጋብቻ ነው፤ ባለቤቴ ከደሴቶቻችሁ የአንዷ፣ የብራቫ ዘር ናት።

በእኛ አገር ልጅ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ልጄ በእኔ በኩል ሰባቱንም ያንበለብላቸዋል። በእናቱ በኩል ግን አራተኛው ላይ ቀጥ ይላል። እዚያ ያለው ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከበኛ ነው።

ሰውዬውን ያገኘነው እዚሁ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ቤድፎርድ ነው። ከተማዋ በ19ኛው መቶ ዘመን የዓሣ ነባሪ አደን ትልቅ ወደብ ነበረች። መርከቦቿ ብራቫ ላይ ፋዣ ደ አጉዋ በተባለ ወሽመጥ መልህቅ ጥለው ሠራተኛ ይቀጥሩ ነበር። የዚያ ዘመን የሠራተኞች መዝገብ ዛሬ በስም ይፈለጋል። ፈለግን። ዕድሜው፣ ቁመቱ፣ የቆዳው ቀለም፣ ፀጉሩ ሳይቀር ተጽፏል። የትውልድ ቦታ፦ ብራቫ። በቃ። ቁመቱን ለክተው የማን ልጅ ነህ አላሉትም!

ስሙም የራሱ መሆኑን እንጃ። ጸሐፊው የጻፈው ጆሮው እንደሰማው ነው። ፔሬይራ ወይም ፒሬስ የነበረው አሜሪካ ሲደርስ ፔሪ ይሆናል፤ ሮድሪጌስ ሮጀርስ ሆኖ ይገኛል። የእኛው ሰው ፔሪ ተብሏል። ከየትኛው?

የእናቱን ስም የጠየቀው በኋላ ጋብቻውን የመዘገበው ጸሐፊ ነው። "ማሪያ" ይላል፣ ያለ አባት ስም። ብራቫ ላይ ማሪያን መፈለግ መርካቶ መሀል ቆሞ "አበበ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው።

እናንተ ጋ ግን የጥምቀት መዝገብ አለ። ቄሱ ከሕፃኑ ስም ጋር ወላጆቹን፣ ብዙ ጊዜም አያቶቹን ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፦ ማውጫ ስትሠሩ በቤተሰብ ስም ብቻ አታስፈልጉን። እሱ ባሕር ላይ የጠፋብን ስም ነው። በክርስትና ስም፣ በእናት ስም፣ በዓመትና በደብር የሚፈለግ ይሁንልን። ብራቫ ያሏት ደብሮች ሁለት ናቸው፣ ሳኦ ዦአኦ ባፕቲስታና ኖሳ ሴንዮራ ዶ ሞንቴ። ከሁለቱ አንዱን ካወቅን ማሪያዎቹ ይቀንሳሉ።

ራሳችሁ መጥታችሁ ፈልጉ ትሉ ይሆናል። እንመጣለን። ከጎረቤቷ ደሴት ከፎጎ በጀልባ መሻገር እንዳለብን ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ እሱማ ደስ ብሎታል። ግን የማንን ቤት እንደምናንኳኳ አውቀን ብንመጣ ይሻላል።

አክባሪያችሁ፣
የብራቫ አማች