ራስን መናቅ ትሕትና አይደለም

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ ልጄ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እኔም አባትሽም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ውሃው ዛሬም በፈረቃ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙንም ነፋስ አንቺው ታውቂዋለሽ። ባለፈው በስልክ ስለ ራስሽ የተናገርሽው ነገር ግን ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ወደድሁ።

«ራስን መውደድ የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው፤ ስለ እኔ አታስቢ» ነበር ያልሽኝ። ቃሉ በእርግጥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ አለ። ነገር ግን ወረድ ብለሽ አንብቢው፤ ራሳቸውን የሚወዱ የተባሉት ገንዘብን ከሚወዱ፣ ከትዕቢተኞች፣ ከማያመሰግኑና ፍቅር ከሌላቸው ጋር ነው የተቆጠሩት። ሐዋርያው የሚያወግዘው ለእግዚአብሔርና ለሰው ቦታ ያላስቀረውን መውደድ ነው እንጂ፣ ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ እንዲጨክን እያዘዘ አይደለም። እርሱ ራሱ ለኤፌሶን ሰዎች «ማንም የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ከቶ የለም» ብሎ ጽፏል፤ ያንኑ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ተጨንቆ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል።

ጌታችንም ታላቂቱን ትእዛዝ በተጠየቀ ጊዜ፣ አስቀድሞ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድን፣ ቀጥሎም ከኦሪት ዘሌዋውያን «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን አነሣ። ልጄ፣ አንቺ ለራስሽ በምትሰጪው ልክ ለበሽተኞችሽ ብትሰጪ ኖሮ፣ በምታስታምሚበት ክፍል የተኙት ሁሉ ምን ይውጣቸው ነበር?

ለፋሲካ የመጣሽ ዕለት እንግዶቹን ሁሉ አስተናግደሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ ከድስቱ ጥግ የቀረውን ቁሌት በቁራሽ እንጀራ እየጠረግሽ፣ ጓዳ ቆመሽ ስትበዪ አይቼሻለሁ። አክስትሽ «ተባረኪ፣ እንዴት ያለች ትሑት ናት» አሉ። እኔ ግን አልተደሰትሁም፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል ቁጭ ብለሽ እንድትበዪ ስለምንሽ «እኔ ምን እረባለሁ ብለሽ ነው» ብለሽኝ ነበር። ትሑት ሰው ወንድሙን ያስቀድማል፤ ራሱን ሲረግም ግን አይውልም። ራስን ሲነቅፉ መዋል እኮ ያው ስለ ራስ ሲያስቡ መዋል ነው፤ ዓይንን ከእግዚአብሔር ላይ ያነሣል።

የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ደጋግመሽ እንድታነቢው እፈልጋለሁ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ከአባቶቼ አልበልጥምና ነፍሴን ውሰድ ብሎም ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም፤ እምነትህ የት ሄደ ብሎም አልጠየቀውም። ተኛ፤ መልአኩም ዳስሶ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። ለደከመ አገልጋዩ እግዚአብሔር አስቀድሞ የሰጠው እንቅልፍና ምግብ ከሆነ፣ አንቺ ይህን ለራስሽ ስትከለክዪ በማን ትእዛዝ ነው?

ጾምን እንዳታነሺብኝ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ስትጾሚ ደስ ይለኛል፤ ጾም ሥጋን ለመግራት እንጂ ለመጥላት አልተሠራም፤ በፋሲካም ይፈታል። ለታመመ ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱ ይፈቱለታል። ያንቺ ግን በፍስኩም ወራት የማያበቃ ነው፤ የሚነሣውም ክብርሽን በሥራሽ ለማግኘት ከመፈለግ ይመስለኛል። ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው፤ ምንም ሳትረጂ፣ ማንንም ሳታስታምሚ የተወደድሽ ነሽ። ሰው ራሱን በጤና የሚወደው፣ አስቀድሞ በተወደደበት በዚህ ፍቅር ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያረፈ ደግሞ ሌላውን ሲያገለግል አይማረርም፣ ምስጋናም አይጠብቅም።

ስለዚህ እንደ እናትሽ የምጠይቅሽ አለ። የባልደረቦችሽን የሌሊት ተራ ሁሉ መሸፈኑን ተዪ፤ አንዷ ብትጠይቅሽ አልችልም ማለት በደል አይደለም። የጨጓራሽን ነገር ለበሽተኞች እንደምትመክሪው አድርገሽ፣ ወረፋ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ። ስለ ሐዘንሽና ስለዚህ ራስን መውቀስ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነም ለሐኪሙ ጨምረሽ አስረጂው። የዚህን ወር ብር ለእኛ እንዳትልኪ፤ አባትሽም ተስማምተዋል። በብሩ ተመርመሪበትና የተባልሽውን ደውለሽ አሳውቂኝ።

የምትወድሽ እናትሽ