መኪና ውስጥ ማደር የችግር ምልክት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ እረፍት ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የማነበው ስለ ዱባይ፣ ስለ ትልልቅ ሆቴሎችና ስለ ትኬት ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ልጻፍላችሁ። እዚያ ሦስት ሌሊት ያደርነው መኪና ውስጥ ነው። ከእናቴ ጋር።

የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነኝ። እዚህ ብዙዎቻችን እረፍት የምንለው አገር ቤት መሄድን ነው፤ ያ ካልተሳካ ፈቃዳችንን ቤት ተቀምጠን እንጨርሰዋለን ወይም ተጨማሪ ሥራ እንይዛለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን እናቴ ከደሴ መጣች። አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስር ተቀምጣ ትራም ስትቆጥር ሳያት አልቻልኩም። ቮንሞቢል ተከራየሁ፤ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለውን መኪና ማለቴ ነው።

ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እናትህን ከደሴ አምጥተህ መኪና ውስጥ ልታሳድራት ነው?» አሉኝ። ከነከነኝ። ለእኛ መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ቤት ያጣ ሰው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ተሳስተዋል፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የሄድነው ግሬትሲል ነው፤ ከኮሎኝ ወደ ሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተን፣ ኤምደንን አልፈን፣ ኦስትፍሪዝላንድ የሚባለው አገር ውስጥ። የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ወደቧ ላይ የሽሪምፕ ጀልባዎች ተደርድረው ይቆማሉ፣ መረባቸው ግራና ቀኝ ተሰቅሎ። መግቢያዋ ላይ ሁለት የነፋስ ወፍጮዎች አሉ፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ። ለእነዚህ መኪናዎች ተብሎ የተዘጋጀ ማደሪያም አለ፤ ጀርመኖች «ሽቴልፕላትስ» ይሉታል። የቅንጦት ነገር የለውም። ቦታህን ይዘህ ትቆማለህ፣ መብራት ትሰካለህ፣ ውሃ ትቀዳለህ፣ ቆሻሻውን በተመደበለት ቦታ ትደፋለህ፣ ትከፍላለህ። አለቀ። ማንም ከየት መጣህ አላለኝም። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ጡረተኞች ነበሩ፤ ጠዋት «ሞይን» ይላሉ፣ ማታም «ሞይን» ይላሉ። እናቴ በሁለተኛው ቀን እሷም «ሞይን» ማለት ጀመረች።

ባሕሩን ለማየት የአፈሩን ግድብ መውጣት ያስፈልጋል። አገሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባሕር እንዳይገባ የተሠራ ረጅም ግድብ ነው፣ በጎች ይግጡበታል። እናቴ በዕድሜዋ ባሕር አይታ አታውቅም። እጇን ይዤ አወጣኋት። ከላይ ስንደርስ ውሃ የለም! እስከ ዓይን ማየት ድረስ ጭቃ። «ውሃውን ማን ወሰደው?» አለችኝ። በቀን ሁለቴ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ፣ አንዱ ዙር ከ12 ሰዓት ትንሽ እንደሚበልጥ ነገርኳት። አላመነችኝም። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ስንመጣ ያ ሁሉ ጭቃ በውሃ ተሸፍኗል። ግድቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንድ ሰዓት ያህል አንድም ቃል ሳትናገር አየችው። እኔም ዝም አልኩ። ከእናቴ ጋር ስልክ ሳልነካ፣ ሰዓት ሳላይ፣ እንዲህ የተቀመጥኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የቡናው ቀን ነው። እናቴ ጀበናዋን ይዛ መጥታለች። ውጭ ሣሩ ላይ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ቡና ስትቆላ፣ ሽታው ደርሷቸው ከጎናችን ካለው መኪና አንዲት ትልቅ ሴት ወጡ። ተቀመጡ አልናቸው። አቦሉን ጠጡ። ቶናውን ጠጡ። ሦስተኛው ሲቀዳ ሳቁና «የእኛም ሻይ ሦስት ነው» አሉ። በማግስቱ ጠሩን። ሻያቸው ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ድንጋይ የመሰለ ስኳር ስኒው ውስጥ ይገባል፣ ትኩስ ሻይ ሲፈስበት ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ከዚያ ክሬም በማንኪያ በስኒው ጠርዝ ይጨመርና እንደ ደመና ይነሳል። አይማሰልም። ሦስት ስኒ የኦስትፍሪዝላንድ ሰው መብት ነው የሚል አባባልም አላቸው። በቃኝ ማለት ስትፈልግ ማንኪያህን ስኒው ውስጥ ታደርጋለህ። እኔ አስተርጉሜ ስጨርስ እናቴ «እነዚህም በረካ አላቸው እንዴ!» አለች። በቋንቋ የማይግባቡ ሁለት እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲስቁ ማየት ለእኔ ከየትኛውም ሆቴል ይበልጣል።

ሽሪምፑን ግን አልነካችውም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም አለች። ከቤት የያዝነው ሽሮ ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። በተራው የቢ መንጃ ፈቃድ እስከ 3.5 ቶን መንዳት ይቻላል፣ ግን ሰዉም ሻንጣውም ውሃውም ክብደቱ ውስጥ ይቆጠራል፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ጭቃው ላይ ያለ አስጎብኚ ርቃችሁ አትሂዱ፣ ውሃው ሲመለስ መንገድ ይዘጋል። ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ለቡናም ለዕጣንም ብላችሁ መኪናው ውስጥ ከሰል እንዳታነዱ። የከሰል ጭስ ውስጥ የማይታይና የማይሸት ጋዝ አለ፤ በጠባብ ቦታ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ ይገድላል። እናቴ «ትንሽ ዕጣን ብቻ» ብላ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት፣ ተቀየመችኝም። ልክ ነበርኩ።

አዘጋጆቹን የምለምነው እንዲህ ያሉ ቅርብና ቀላል ቦታዎችንም እንድትጽፉ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ከዓመት ዓመት ሳያርፉ እየሠሩ ጀርባቸው እየተሰበረ ነው፣ ባሕሩ ደግሞ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ አለ፤ የኛ አይመስለንም እንጂ። አንባቢዎችም የምታውቁት ቦታ ካለ በዚሁ ዓምድ ጻፉልን፣ በተለይ ለሕፃናት የሚመች። ግሬትሲል ራሷ አሸዋማ ዳርቻ የላትም፣ ለመዋኘት እስከ ኖርድዳይሽ መሄድ ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው የትምህርት ቤት እረፍት ልጆቹን ይዤ የምሄደው ወደዚያ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮሎኝ