እንጀራ መቀነስና የጾም ማዕዳችን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ክብደት ለመቀነስ ሲባል እንጀራን፣ ዳቦንና ድንችን የመሳሰሉ ካርቦሃይድሬት (ስታርችና ስኳር) የበዛባቸውን ምግቦች እርግፍ አድርጎ መተው በእኛ በደብረ ማርቆስም እየተለመደ በመምጣቱ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። እኔም ሞክሬው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ፈጥኖ ሲወርድ እጅግ ተደስቼ ነበር፤ ይሁንና ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥና እነዚህን ምግቦች ስንተው ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ መጀመሪያ የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ እንጂ ስብ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጾሙ ነበር። በፍስክ እንቁላልና ጎመን በሥጋ አይጠፋም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን ሽሮውና ምስሩም ከፕሮቲኑ ጋር ካርቦሃይድሬት ያለባቸው በመሆናቸው፣ ከውጭ የተቀዳው የምግብ ዝርዝር እንዳለ አይሠራልንም። ስለዚህ እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ ዝቅ አድርጌ፣ በኑግ ዘይት የተሠራ ጎመን ማብዛትንና ሻይን ያለ ስኳር መጠጣትን መርጫለሁ (ጠላውን ለመተው ግን ገና አልጨከንሁም)።

በተለይ የሚያሳስቡኝ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ናቸው፤ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬትን በድንገት ቢቀንሱ የደማቸው ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ፣ ጋዜጣዎ በጤና ዓምዱ የባለሙያ ማብራሪያ እንዲያወጣላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ